ዝናቡ እዚህ፣ መለኪያው እዚያ

ካይሮ ውስጥ፣ በሮዳ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ መሬት ውስጥ የሚወርድ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አለ። መሐሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዐምድ ቆሟል፤ በዐምዱ ላይ ክንድ በክንድ ምልክት ተቀርጿል። ጉድጓዱ በተለያየ ከፍታ በተቆፈሩ ሦስት ቦዮች ከዓባይ ጋር ይገናኝ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በቦዮቹ ገብቶ ዐምዱን ይወጣል፣ ወንዙ ሲጎድል አብሮት ይወርዳል። ያሠራው የአባሲዶቹ ከሊፋ አል ሙተወኪል ነው፤ ዘመኑ 861። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መለኪያው የመጀመሪያው አልነበረም። ፈርዖኖች አስዋን አጠገብ፣ በኤሌፋንቲን ደሴት፣ የራሳቸውን መለኪያ ደረጃ ጠርበዋል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ፕሊኒም ግብፅ በስንት ክንድ እንደምትራብና በስንት ክንድ እንደምትጠግብ ጽፎ ትቷል። በእሱ ቆጠራ ውሃው 12 ክንድ ከሆነ ረኃብ ነው፣ 14 ሲደርስ ፊት ይፈታል፣ 16 ሲሞላ አገር ሁሉ ተድላ ነው። ሮዳን ልዩ የሚያደርገው መዝገቡ ነው። በዚያ ስፍራ የተያዘው የየዓመቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ የውሃ ልክ ከአል ሙተወኪል በፊት ከነበረው መለኪያ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ይዘልቃል። ይህን ያህል ረጅም መዝገብ ያለው ወንዝ በዓለም ላይ ማግኘት ይቸግራል።

እንዲህ ያለ ትጋት ያለ ምክንያት አልመጣም። ካይሮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አስዋን ደግሞ ጨርሶ የማይዘንብበት ዓመት ብዙ ነው። ገበሬው የሚዘራው፣ ገዥው ግብር የሚጥለው፣ ነጋዴው የእህል ዋጋ የሚቆርጠው ከሩቅ የመጣው ሙላት ስንት ክንድ እንደወጣ አይቶ ነው። ውሃው 16 ክንድ ሳይደርስ ሙሉ ግብር አይጠየቅም ነበር። ስለዚህ ዐምዱን የሚያነብበው ሰው የቤተ መንግሥት ባለሟል እንጂ ተራ ዘበኛ አልነበረም።

ግብፅ ሙላቱን በምትጠብቅበት በነሐሴ ወር ጎጃም ውስጥ ጭቃ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ጮቄ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይሰነብታል፣ ከዓባይ ማዶ ሙገርና ጀማ፣ ጉደርና ዴዴሳ ገደላቸውን ሞልተው ያጓራሉ። በዚህ መሐል የሚኖር ገበሬ ዝናብን የሚቆጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ክረምቱ ዘገየ ወይስ ቀደመ፣ በረዶ አለው ወይስ የለውም፣ ከመስከረም ቀድሞ ተቋረጠ ወይስ ቆየ፤ የሚያስጨንቀው ይህ ነው እንጂ የክንዱ ብዛት አይደለም። ከእርሻው ላይ የወረደው ውሃ ገደል ገብቶ ከሄደ በኋላ የማን ሲሳይ እንደሚሆን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይመለስለትም።

ሁለቱ አገሮች በጨለማ ውስጥ ነበር የሚተያዩት። በከሊፋ አል ሙስተንሲር ዘመን ሙላቱ ሲጎድል የእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ መንሻ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደተላከና ንጉሡም ውሃውን እንደለቀቀ የግብፅ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፍት ተርከዋል። በዚያ ዘመን ማንም ንጉሥ ዓባይን ማገድ አይችልም ነበር። ታሪኩ የሚያሳየው ግብፅ የውሃውን ልክ እስከ ጣት ታውቅ እንደነበርና መነሻውን ግን እንዳላወቀች ነው። በ1200 ሙላቱ ከ13 ክንድ በታች ሲቀር የተከተለውን አሰቃቂ ረኃብ ሐኪሙ አብደል ለጢፍ አል ባግዳዲ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። በዚያ ክረምት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ዝናቡ ምን እንደሆነ የጻፈ ግን አላገኘንም። የእኛ ድርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የተጻፈው በሌላ አገር ነው።

ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የወንዙን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ያየው በ1618 ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እዚያው ምንጭ ላይ ቆሞ ከእኔ በፊት አውሮፓዊ አልደረሰም ብሎ ሲኩራራ ፓኤዝን መካዱ ነበር። ስለ ብሩስ ብዙ ሰው የሚያነሳው ይህን ጉራውን ነው። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው። ጎንደር ሳለ ስፋቱ አንድ ጫማ በሆነ እምቡቶ ዝናብ አጠራቅሞ ለካ። በ1770 ክረምት 35.555 ኢንች፣ ማለትም 900 ሚሊ ሜትር ገደማ አገኘ። በማግስቱ ዓመት እዚያው ጎንደር፣ በቁስቋም ሲለካ 41.355 ኢንች ሆነ፤ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ዛሬ በጎንደር ከሚመዘገበው አማካይ ብዙም አይርቅም። የዓባይ ሙላት ምንጩ የኢትዮጵያ ክረምት ነው የሚለው የጥንት ግምት በዚህ እምቡቶ በኩል ቁጥር ሆነ። ሰውየው አገሩ ሲመለስ ተረቱን እንጂ ኢንቹን የጠየቀው አልነበረም። ጎንደርም ከእሱ በኋላ ለረጅም ዘመን ዝናቧን ሳትለካ ቆየች።

በታችኛው አገር ግን ቆጠራው እየጠራ ሄደ። ከ1869 ጀምሮ በአስዋን የተያዘው መዝገብ እንደ ሮዳው የውሃውን ከፍታ ብቻ የሚናገር አልሆነም፤ ከፍታውን ወደ ፍሰት መጠን ቀይረው ማስላት ቻሉ። ስልቱ ዛሬም ያው ነው። የወንዙን ወርድና ጥልቀት ይለካሉ፣ ውሃው በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ በሚሽከረከር መሣሪያ ይቆጥራሉ፣ ሁለቱን ያባዛሉ። ይህን በዝቅተኛም በከፍተኛም ውሃ ደጋግመው ሲያደርጉ ከፍታውን ከፍሰቱ ጋር የሚያገናኝ መስመር ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ ሰሌዳውን ካነበበ ይበቃል፤ ቀሪውን ስሌቱ ይሠራዋል።

ኢትዮጵያ በክፉ ቀን ስትመታ፣ ከ1888 ጀምሮ ከብቱ በደስታ በሽታ፣ አዝመራው በድርቅና በአንበጣ ሲያልቅ፣ በ1888 የአስዋን ሙላትም ዝቅ ብሎ ነበር። መረጃው እዚያ መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ለሚሞተው ሰው ግን አልደረሰም፤ ሊደርስ የሚችልበት መንገድም አልነበረም።

እንግሊዞች ሱዳንን ከያዙ በኋላ ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚገታ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ላለመሥራትና ላለማሠራት ቃል ገቡ። ስለ ውሉ ትርጉም ዛሬም ድረስ ክርክር አለ። ብዙም የማይነሳው ጉዳይ ግን ውሉ ሲፈረም የዓባይን ፍሰት በኢትዮጵያ ምድር የለካው ሰው አለመኖሩ ነው። ልኬቱ የመጣው ከፊርማው በኋላ ነው። ዱፑዊ የተባለ የመስኖ መሐንዲስ በ1902 መጨረሻ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ ድረስ ሄደ፤ ሪፖርቱ በ1904 ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከሰር ዊሊያም ጋርስቲን ትልቅ ጥናት ጋር ታተመ።

የጋርስቲን ጥናት ለዚህ ታሪክ ዋና ነገር አለው። ከዩጋንዳ ሐይቆች የሚወርደው ነጭ ዓባይ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሱድ በሚባለው ረግረግ ይገባና ከገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ በትነት ይጠፋል። በዚያ አገር ዝናብም አለ፣ ወንዝም አለ፣ ደንገልና ቄጠማው ለዓይን ያታክታል፤ ከረግረጉ የሚወጣው ውሃ ግን የገባው ግማሽ ነው። ከእኛ በኩል ባሮም ከጋምቤላ በታች ውሃውን ወደ ማቻር ረግረግ እያፈሰሰ ብዙ ይከስራል። እርጥብ አገር ላይ ውሃ ማየትና የሚገኝ ውሃ መቁጠር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መሐንዲሶች የተማሩት ከእንዲህ ያለው ረግረግ ነው። መድኃኒት ብለው ያሰቡት ደግሞ ረግረጉን የሚያቋርጥ ቦይ መቆፈር ሆነ፤ ይህ ሐሳብ በኋላ የጆንግሌይ ቦይ ሆኖ ተጀምሮ በጦርነት ምክንያት መሐል ላይ ቀርቷል። ረግረጉን የግጦሽና የዓሣ ምንጭ ያደረጉት ዲንቃና ኑዌር ግን ትነቱን እንደ ኪሳራ አይቆጥሩትም ነበር።

በ1906 ሃሮልድ ኧርስት የተባለ እንግሊዛዊ ካይሮ ገባ። ለአጭር ጊዜ ብሎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ወንዙ ላይ ቀረ፤ ግብፆች ‹አቡ ኒል› ብለውታል። ከደረሰ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1913፣ አስዋን ላይ በመዝገቡ ዘመን ሁሉ ታይቶ የማይታወቅ ዝቅተኛ ፍሰት ሆነ፤ ዓመታዊው ውሃ ወደ 46 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ወረደ። በሰሜን ኢትዮጵያ ያ ዘመን የድርቅና የረኃብ ዘመን ነበር። በግብፅ ደግሞ መሐንዲሶቹ አንድ ጥያቄ ያዙ። የከፋውን ዓመት ለማለፍ ከደጉ ዓመት ምን ያህል ውሃ ማቆየት ያስፈልጋል?

መልሱን ለማግኘት ከወንዙ ምንጭ አጠገብ መለካት ነበረባቸው። በ1920 እና 1921 ግራብሃም የተባለ ጂኦሎጂስትና ብላክ የተባለ መሐንዲስ ወደ ጣና ዘምተው ሐይቁን፣ መውጫውንና ዳርቻውን አጠኑ። ራስ ተፈሪ ይህን ሁሉ ምልልስ ዝም ብለው አላዩም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን በ1927 ወደ ኒው ዮርክ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር በጣና ግድብ ጉዳይ አነጋገሩ። ወሬው ለንደን ሲደርስ ድንጋጤ ሆነ። ኩባንያው በኋላ መጥቶ ቅኝት አድርጓል፤ ግድቡ ግን አልተሠራም፣ የጣሊያን ወረራም ሁሉንም ነገር አቋረጠ። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺስማን ደግሞ ዳንግላ ተቀምጦ ከ1925 ጀምሮ በበቅሎና በእግር እየዞረ የዓባይን ሸለቆ በካርታ ያወጣ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ጣና ላይ መክረማቸው ያስገርማል። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ያምራል፣ መቅደሱና ደሴቱ ያማልላል። በዓመት የሚለቀው ውሃ ግን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም፤ ድንበር ላይ ሲደርስ ዓባይ 50 ቢሊዮን ገደማ ስለሚሆን የሐይቁ ድርሻ ከመቶ ስምንት ያህል ነው። ቀሪው ከገደሉ ግራና ቀኝ፣ ከበሽሎ፣ ከጀማ፣ ከጉደር፣ ከዴዴሳ፣ ከዳቡስ፣ ከበለስ ይመጣል። የውጭ ሰው ሊገድብ የሚመቸውን ሐይቅ ይመረምር ነበር፤ ዝናቡ የሚወርድበትን ቁልቁለት ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልቆጠረውም።

ይህ ቆጠራ ሳይደረግ በ1929 ግብፅና ሱዳንን የምትወክለው እንግሊዝ ውሃውን ተካፈሉ። ለግብፅ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። በ1959 ግብፅና ሱዳን ብቻቸውን ሲዋዋሉ ደግሞ በአስዋን የሚደርሰውን አማካይ 84 ቢሊዮን አድርገው 55.5ቱን ለግብፅ፣ 18.5ቱን ለሱዳን፣ 10ሩን ለትነት መደቡት። ቁጥሩ አስዋን ላይ ስለተለካ ድርሻውም ከአስዋን ጀመረ። የለካው ወገን አካፋይ ሆኖ ተገኘ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በሁለቱ ውሎች መካከል ሳይንሱ ራሱ ተቀይሯል። በ1948 እንግሊዛዊው ፔንማንና አሜሪካዊው ቶርንትዌይት፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ከአፈር፣ ከተክልና ከውሃ ላይ ምን ያህል እርጥበት ሊተን እንደሚችል የሚሰላበትን መንገድ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ደረቅ አገር ማለት በአብዛኛው ዝናብ ያነሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናቡ አየሩ ከሚጠማው ጋር መነጻጸር ጀመረ። ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ አየሩ ሊጠጣ የሚችለው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፤ ትርፉ ወንዝ ይሆናል። ጎዴ ላይ የሚዘንበው 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ፀሐይና ንፋሱ ግን ከ2,000 በላይ ለመጠጣት ዝግጁ ናቸው። ጎዴን አቋርጦ የሚያልፈው ዋቢ ሸበሌ የጎዴ ዝናብ አይደለም፤ ባሌና አርሲ፣ ሐረርጌም ያዘነቡት ነው።

ኧርስት በ1951 የረጅም ዘመን ድካሙን ውጤት አሳተመ። የሮዳውን የመቶዎች ዓመታት መዝገብ ከሌሎች ረጅም የተፈጥሮ መዝገቦች ጋር መርምሮ ያገኘው ነገር የስታቲስቲክስ ሊቃውንትን አስደነገጠ። ዓመቶቹ እንደ ሳንቲም ውርወራ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ የሚመጡ ቢሆን ኖሮ የስሌቱ ልክ 0.5 መሆን ነበረበት፤ እሱ በአማካይ ያገኘው ግን 0.73 አካባቢ ነው። ማለትም ደግ ዓመት ደግን፣ ክፉ ዓመት ክፉን የመሳብ ዝንባሌ አለው። ማንዴልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ በኋላ ለዚህ ጠባይ የዮሴፍን ስም ሰጠው፣ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረኃብ ዓመታት አስታውሶ። ለግድብ ሠሪ ይህ ከባድ ዜና ነበር፤ አንድ ክፉ ዓመት ለማለፍ የሚበቃ ማጠራቀሚያ ተከታታይ ክፉ ዓመታትን አያሻግርም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ያን ያህል የገዘፈው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

አሜሪካ በ1956 ለአስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ከለከለች። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1949 ዓ.ም.፣ ከኢትዮጵያ ጋር የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት ተስማማች። ፖለቲካው ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ለኢትዮጵያ የተረፈው ነገር ትልቅ ነበር። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው ከ1958 ጀምሮ ወደ ገደሉ ወረዱ። የውሃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳዎች በወንዞቹ ላይ ተተከሉ። የባሕር ዳሩ የዓባይ መውጫ መዝገብ በ1959 ይጀምራል፤ ሮዳ ዐምዷን ካቆመች ከ1,098 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1964 ያስረከቡት ሪፖርት 17 ጥራዝ ነበር። 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶች ተዘርዝረውበታል። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ‹ቦርደር› የተባሉ አራት ግድቦች ታቅደዋል፤ አራቱ በአንድነት 51 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዙ ነበር። ቦርደር የተባለው ለ11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ታስቦ ከድንበሩ አጠገብ ተመልክቷል። ይህ ጥናት ረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተኛ። የለኩት ሰዎች ሄዱ፣ ሰሌዳ አንባቢዎቹ ግን ቀሩ። ከወንዙ ዳር ያለ የመንደር ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል፣ ደብተሩ ወር በገባ ቁጥር ወደ ከተማ ይላካል። እኛ ስለ ዓባይ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእነዚህ ደብተሮች ነው፤ የጻፏቸው ሰዎች ስም ግን በየትኛውም ጥራዝ ሽፋን ላይ የለም።

በዚያው ዘመን የአዋሽ ተራ መጣ። ቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ። አዋሽ ከደጋ ተነሥቶ በረሓ የሚገባ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ በመሆኑ ደረቁና እርጥቡ አንድ ገመድ ላይ የታሰሩበት ነው። ለጥጥና ለሸንኮራ የሚበቃ ውሃ እንዳለ ጥናቶቹ አሰሉ፤ ስሌቱም ልክ ነበር። ያልተሰላው በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ ዳር የሚያወርደው አፋር ነበር። ለእሱ የወንዙ ሙላት የሚያበቅለው ሣር ራሱ የውሃ ሀብት ነበር፤ በሜትር ኩብ ሰንጠረዥ ላይ ግን ሣር የሚገባበት ዓምድ የለም። እርሻው ሲሰፋ የበጋ ግጦሹ ተወሰደ፣ ድርቅ ሲመጣም ማምለጫ ጠፋ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎና ትግራይ ሲያልቁ የዓባይ ፍሰት በምዕተ ዓመቱ ከታዩት ዝቅተኞች አንዱ ሆነ። የናስር ሐይቅ ውሃ ከዓመት ዓመት እየወረደ በ1988 ክረምት መግቢያ ላይ የኃይል ማመንጫዎቹ ሊቆሙ ጥቂት ሜትሮች ቀሯቸው። ከዚያ የኢትዮጵያ ክረምት በርትቶ መጣ፤ በነሐሴ ካርቱም ተጥለቀለቀች፣ አስዋን ዳነች። ኧርስት ከ37 ዓመት በፊት የጻፈው ተከታታይ ክፉ ዘመን በዓይን ታየ። እሱ ራሱ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1978፣ በ98 ዓመቱ አርፎ ነበር።

በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ተፋሰሶቿን አንድ በአንድ በውጭ አማካሪዎች አስጠናች፤ ኦሞ ጊቤ፣ ባሮ አኮቦ፣ ተከዜ፣ ዓባይ። የእነዚህ ጥናቶች ድምር ዛሬ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ሆነ። 12 ተፋሰስ፣ በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የገጸ ምድር ውሃ። ዓባይ ብቻውን ከ50 ቢሊዮን በላይ፣ ባሮ አኮቦ 23 ቢሊዮን ገደማ፣ ኦሞ ጊቤ 16 ቢሊዮን ገደማ። ከዚህ በኋላ ሰንጠረዡ ቁልቁል ይወርዳል። ዋቢ ሸበሌ በስፋት ከዓባይ ተፋሰስ አያንስም፣ እንዲያውም ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለቱም 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ውሃው ግን 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በሰንጠረዡ መጨረሻ ኦጋዴንና አይሻ አሉ፤ ከፊታቸው የተጻፈው ዜሮ ነው።

ይህ ዜሮ የወንዝ ዜሮ ነው። በኦጋዴን ተፋሰስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም ማለት እንጂ ውሃ የለም ማለት አይደለም። ሕዝቡ ጎርፉን ቢርካ በሚባል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያጠራቅማል፣ ከአሸዋማ ወንዞች ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀዳል፣ ግመሉን ዝናብ ወደ ጣለበት ይነዳል። የከርሰ ምድር ውሃውስ? ለብዙ ዘመን በመላ አገሪቱ 2.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው ተብሎ ይጠቀስ ነበር፤ በኋላ የመጡ ግምቶች ይህን ብዙ እጥፍ አሳድገውታል። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ካደገ፣ የመጀመሪያው ልኬት ሳይሆን ግምት ነበር ማለት ነው። መለኪያ ሰሌዳዎቹም ቢሆኑ የተተከሉት መንገድ በደረሰበትና ድልድይ ባለበት፣ በአብዛኛው ደጋ ላይ ነው። ግብፅ ስለጠማት ለካች፤ እኛ ዘንድ ግን የጠማው አገር እስከ መጨረሻው ሳይለካ ቀረ።

ደረቅ አገርን በዓመታዊ አማካይ መለካት ምን ያህል እንደሚያሳስት ድሬዳዋ አሳይታለች። ደቻቱ የተባለው ወንዟ ከዓመቱ አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፣ ሰው ይሻገርበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሰው ተኝቶ ሳለ ደርሶ ከ250 በላይ ሕይወት ቀጠፈ። ጠዋትና ማታ የሚነበብ ሰሌዳ እንዲህ ያለውን ጎርፍ አያየውም፤ መጥቶ የሚያልፈው በሁለቱ ንባቦች መካከል ነው።

በመጋቢት 2002 ግሬስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች ወደ ሕዋ ወጡ። አንዱ ሌላውን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይከተል ነበር፤ ከበታቻቸው ያለው ምድር ውሃ ተሸክሞ ሲከብድ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይለዋወጥ፣ ከዚያም የውሃው ክብደት ይሰላ ነበር። ሰሌዳ አንባቢ ያልደረሰበት በረሓ በዚህ ተመዘነ። ግሬስ ግን ያይ የነበረው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ነው፤ አንድ ጉድጓድ አይታየውም ነበር። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቹ ደግሞ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደው ከ1983 ጀምሮ ያለውን የአገሪቱን ዝናብ በአሥር በአሥር ቀን የሚያሳይ መረጃ አዘጋጁ። ሳተላይቱ ብቻውን ተራራ ላይ ይሳሳታል፣ ጣቢያው ብቻውን በረሓ ላይ ይጎድላል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። የአሜሪካኖቹ ‹ቦርደር› የታቀደበት አካባቢ ነው፤ መጠኑ ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሆነ፣ የዓባይ የአንድ ዓመት ተኩል ውሃ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሌት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያዘ።

ግድቡ በሚሞላባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረና ድርቅን የሚሸከሙት ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ኤላዎች፣ ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ ሜልባና፣ ዌብ ከታወቁት ናቸው። ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ውሃውን እየዘፈኑ ያቀባብላሉ። እያንዳንዱ ኤላ የቆፋሪው ጎሳ ተጠሪ የሆነ አባ ኮንፊ፣ የየዕለቱን ተራ የሚመድብ ደግሞ አባ ሄሬጋ አለው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ ይጠጣል፣ ውሃው ሲቀንስ ማን ይቆያል፤ አባ ሄሬጋ ይህን የሚወስነው ኤላው ትናንት ምን ያህል እንደሰጠ አይቶ ነው። ከየትኛውም የተፋሰስ ጥናት በፊት የነበረ የውሃ ሒሳብ ነው፤ መዝገብ ግን የለውም፣ ስለዚህ በብሔራዊ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም። በእነዚያ ዓመታት ኤላዎቹ ውሃ ነበራቸው፣ በዙሪያቸው ግን ሣር አልቀረም፤ ከብቱም ያለቀው በጥማት ብቻ አልነበረም።

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወር እንኳ ሳይሞላው ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሆነ። የግብፅ የመስኖ ሚኒስቴር ጥፋቱን በግድቡ አለቃቀቅ ላይ ጣለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ግድቡ ባይኖር ጎርፉ ይብስ ነበር ብላ መለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ የዓባይን ዕለታዊ ውሃ የሚለካውም የሚለቀውም የላይኛው አገር ሆኗል፤ ቁጥር አሳዩን የሚለውም የታችኛው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2024፣ ሥራ ላይ የዋለው የናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አባል አገሮች መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ የሚያዝ አንቀጽ አለው። ግብፅና ሱዳን ስምምነቱን አልፈረሙም።